ከካርታው የተሰረዘ እጅ

ሰኞ ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል አዳራሽ የተገኙት እነዚህ ናቸው፦ የቡና ገበሬዎቹ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ አቶ ሲሞን፤ የማኅበሩ ጸሐፊ ቲጂ፤ በቡና ማጠቢያ ጣቢያው የማድረቂያ አልጋዎች ኃላፊ ዘሀራ፤ እሸት ቡና ከየቀበሌው በአይሱዙ የሚያመጣው ሾፌር ዐብዱልጀባር፤ የማብላያ ገንዳዎቹ ሠራተኛ ማቴዎስ፤ እንዲሁም ከመጋዘንና ከግዢ ክፍል የመጡ አራት ሰዎች። አራቱ ሰዎች በሥልጠናው ሁሉ ስማቸው ሲጠራ «አለሁ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም። አሠልጣኙ ብሩህ ይባላል። ከአዲስ አበባ በጂማ በኩል የመጣ፣ አንገቱ ላይ የራሱን ስም ያንጠለጠለ ሰው ነው፤ ስሙ ይጠፋበት ይመስል።

ጣቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ሸዋ ቤንች በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከወንዝ አጠገብ ነው። ለሥልጠናው ሲባል ለሁለት ቀን እሸት አይቀበልም ተብሎ በሩ ተዘግቷል። በጥቅምት መጨረሻ ቡናው እንደ ጉድ ይቀላል። ገበሬው ጆንያውን ተሸክሞ ይመጣል፣ የተዘጋውን በር ያያል፣ ጆንያውን ተሸክሞ ይመለሳል። ሥራን የማሻሻል ሥራ የተጀመረው ሥራውን በማቆም ነበር። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ያነሣው ግን አልነበረም።

ማቴዎስ በስተኋላ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራው አንድ ነው። የተፈለፈለው ቡና ገንዳ ውስጥ ይገባና ፍሬው ላይ የቀረው ልጋግ እስኪለቅ ድረስ ይብላላል። ማቴዎስ እጁን እስከ ክርኑ ይሰድና ከሥር እፍኝ ቡና አውጥቶ በመዳፎቹ መካከል ያሸዋል። ካሟለጨ ይመልሰዋል። እንደ ጠጠር ከተንኮሻኮሸ «ይታጠብ» ይላል። ሳይደርስ የታጠበ ቡና አልጋ ላይ ይበላሻል፤ ያለፈበት ደግሞ ይኮመጥጣል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው የማቴዎስ እጅ ነው። ማቴዎስ በዚህ ነገር አይኩራራም፤ ግን ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም፣ ሌላም አይፈልግም።

ብሩህ መጀመሪያ ያስተማራቸው ጭብጨባ ነበር። የሮኬት ጭብጨባ ይባላል አለ። ሁሉም መዳፉን አሽቶ አሽቶ በመጨረሻ አንድ ጊዜ ያጨበጭብና «እሽሽሽ» እያለ እጁን ወደ ጣሪያው ይልካል። ማቴዎስም መዳፎቹን አሸ። በመካከላቸው ምንም ሳይኖር ሲያሽ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«የሥራ ሂደት ካርታ ማለት» አለ ብሩህ፣ «አንድ ሥራ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ እርምጃ በእርምጃ በዓይን የምናይበት ነው። ለልምምድ ያህል ቀላል ነገር እንውሰድ። ሻይ!»

ለሁሉም ቢጫ ወረቀት ታደለ። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ አንድ እርምጃ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል።

«እሳት መለኮስ አንደኛ ነው» አለች ቲጂ።

«ውኃ ሳይቀዳ?» አለች ዘሀራ። «ባዶ ድስት ጥደሽ ምን ልታደርጊ ነው፣ ልታጨሺው?»

«ውኃውን እየቀዳሁ እሳቱ ይያያዛላ!»

«ታዲያ ለየብቻው ለምን ይለጠፋል? አንድ ላይ ነዋ።»

ስኳሩ መቼ እንደሚገባ ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። ዐብዱልጀባር ወንበሩን ወደ ኋላ አጋድሎ ቆይቶ እጁን አወጣ። «ወላሂ፣ እኔ ሻይ ቤት እገባለሁ፣ ‹አንድ ሻይ› እላለሁ፣ ይመጣል። ከዚህ ሌላ እርምጃ አላውቅም።»

ሰው ሳቀ። ብሩህ ግን ጣቱን ቀሰረ። «በጣም ጥሩ! እሱ ደንበኛ ይባላል። ለደንበኛ ሰማያዊ ወረቀት ነው ያለን።» ሰማያዊ ወረቀት ለጠፈ።

ሻዩ በአሥራ ዘጠኝ ወረቀት ተፈላ። ይህ ሁሉ ሲሆን የሆቴሉ አስተናጋጅ ሁለት ጊዜ በሩን ከፈት አድርጋ አይታ ተመለሰች። ለዕረፍት ሲወጡ በፔርሙስ የተዘጋጀው ሻይ ቀዝቅዟል። ብሩህ ራሱ ቀምሶ «እዚህ ቤት ሂደታቸው ላይ ችግር አለ» አለ።

በማግስቱ ወደ ቡናው ተገባ። ብሩህ ገና አንድ ወረቀት ሳይለጠፍ ግቡን ነገራቸው። በፊት ያሠለጠነው አንድ መሥሪያ ቤት አሥራ አምስት እርምጃ ወደ ዘጠኝ አውርዷል። «እናንተ ወደ ስምንት ማውረድ ትችላላችሁ። አምናለሁ!» እርምጃዎቹ ስንት እንደ ሆኑ ገና አልሰማም ነበር።

ሲቆጠሩ አሥራ አራት ሆኑ። እሸት መረከብ፣ መምረጥ፣ መፈልፈል፣ ገንዳ መሙላት፣ እንዲህ እያለ እስከ መጋዘን ይሄዳል። ስድስት መሰረዝ አለበት። አምስቱ እንደ ምንም ተሰረዙ፤ ሁለት ወረቀት አንድ ላይ አጣብቆ «አንድ» በማለት የሚሰረዝ ብዙ ነው። ስድስተኛው ጠፋ። ብሩህ ከግድግዳው ፊት ወዲያና ወዲህ ሲል ቆይቶ አንዱ ወረቀት ላይ ቆመ።

«‹ገንዳ ማየት› ይላል። ይሄን የሚሠራው ማነው?»

ማቴዎስ ተነሣ። በሰው ፊት መናገር አይወድም፤ ሲናገር ዓይኑ ወደ ወለሉ ይሄዳል።

«ገንዳው ጋ ምን ይሠራሉ፣ አቶ ማቴዎስ?»

«እጄን አስገብቼ አያለሁ።»

«በየስንት ሰዓቱ?»

«እስኪደርስ ድረስ ነው።»

«እኮ፣ ስንት ጊዜ?»

«አንዳንዴ ሦስት። አንዳንዴ ሰባትም ይሆናል። እንደ ቀኑ ነው።»

ብሩህ ወደ ተሰብሳቢው ዞረ፤ ፊቱ በርቷል። «ተመልከቱ! አንድ ሥራ፣ አንድ ሰው። አንዴ ሦስት፣ አንዴ ሰባት! ይህ ምን ይባላል?» «ብክነት!» አለ ራሱ፤ ቀይ ነጥብም ለጠፈበት። «መመሪያው ለማብላያ ስንት ሰዓት ይላል?»

«ሠላሳ ስድስት» አለ አቶ ሲሞን ወዲያው። ሲሞን ገንዳ አጠገብ ቆሞ የታየው ፎቶ ሲነሣ ብቻ ነው። መመሪያውን ግን አንብቧል፤ ቢያንስ ሽፋኑን።

«አለቀ። ሠላሳ ስድስት ሰዓት፣ ከዚያ ውኃ መልቀቅ። የሚያይ ሰው አያስፈልግም፤ የሚያይ ሰዓት አለ።» ወረቀቱን ነቀለና ጨምድዶ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። «በተሰረዘ እርምጃ ላይ ያለ የሰው ኃይል እሴት ወደሚጨምርበት ቦታ ይዛወራል።»

«መጋዘኑ በር ላይ ሰው ጎድሎን ነበር» አለ ሲሞን፤ ቲጂም ጻፈችው።

ማቴዎስ ቆሞ ነበር። የሚቀመጥበትን ጊዜ የነገረው ስለሌለ ትንሽ ቆይቶ በራሱ ተቀመጠ።

ዘሀራ ወደ እሱ አዘነበለች። «ማቴ፣ ሰማህ? ዘበኛ ሊያደርጉህ ነው።»

«ይሄዳል።»

«ማን?»

«እንግዳው። ነገ ይሳፈራል፤ እኛም ወደ ሥራችን።»

ዘሀራ ራሷን ነቀነቀች። እሷም ያሰበችው እንደዚያው ነበር። ማኅበሩ ውስጥ አንድ የቆየ አሠራር አለ፤ ማንም ካርታ አላወጣለትም እንጂ ከሁሉም ይልቅ በደንብ የሚሠራው እሱ ነው። ከላይ እንግዳ ሲመጣ አይከራከሩትም። ይሰሙታል፣ «ልክ ነው» ይሉታል፣ ያጨበጭቡለታል፣ አብረውት ፎቶ ይነሣሉ፣ መናኸሪያ ድረስ ይሸኙታል። ከዚያ ወደ ጣቢያው ተመልሰው ትናንት እንደ ሠሩት ይሠራሉ። ቢፒአር የተባለው የአሠራር ለውጥ የመጣ ጊዜ እንዲህ አድርገዋል፤ የዚያን ጊዜው የሂደት ሥዕል እስከ ዛሬ ሲሞን ቢሮ ግድግዳ ላይ ያለውን ስንጥቅ ሸፍኖ ተሰቅሏል። ካይዘን ሲመጣም እንዲሁ። ሰውን ፊት ለፊት «ተሳስተሃል» ማለት ያሳፍራል፣ በተለይ መንገድ አቋርጦ የመጣን። ስለዚህ ማንም አይልም፤ የሚጎዳም የለም።

«ተስማምተናል?» አለ ብሩህ።

«ተስማምተናል!»

ማቴዎስም «ተስማምተናል» አለ። እጁንም አወጣ፣ ያንኑ ገንዳ ውስጥ የሚገባውን። ከዚያ ስምንቱ እርምጃ በትልቅ ወረቀት ተጽፎ ዘጠኙም ፈረሙበት። ማቴዎስ የፈረመው ሰባተኛ ሆኖ ነው፤ የሮኬቱ ጭብጨባም ተደገመ።

ብሩህ ጭብጨባው ሲያበቃ ወረቀቱን ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ አደረገ። «እንግዲህ ደስ የሚለውን ልንገራችሁ። ሌላ ጊዜ ሥልጠናው እዚህ ላይ ያልቃል። አሁን ግን እስከ ዓርብ አብሬያችሁ ነኝ። ካርታውን ጣቢያው ላይ እንሞክረዋለን። ተግባራዊ መሆኑን በዓይኔ አይቼ ነው የምሄደው።»

ዐብዱልጀባር «ያ አላህ» አለ በቀስታ።

ረቡዕ ጣቢያው ተከፈተ። ካርታው ፕላስቲክ ለብሶ ከገንዳዎቹ አጠገብ ባለው ምሰሶ ላይ ተቸነከረ። ከሥሩ የግድግዳ ሰዓት ተሰቀለ። ዐብዱልጀባር የጫነው እሸት ሲፈለፈል ዋለ፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ሁለት ገንዳ ሞላ፣ ከአንድ እሸት፣ እኩል። ማቴዎስ ለሙከራው ጊዜ የተሰጠው ሥራ ቅጽ መሙላት ነው። በየሰዓቱ ሰዓቱን ይጽፋል፤ «የተወሰደ እርምጃ» በሚለው ሥር ደግሞ «የለም» ይላል። ሐሙስ ጠዋት ቅጹ ላይ ብዙ «የለም» ተሰልፎ ነበር።

ሐሙስ ፀሐዩ ከጠዋቱ ጀምሮ ያቃጥል ነበር። የጣሪያው ቆርቆሮ በሙቀቱ ይንጫጫል፤ በአልጋዎቹ ላይ ያለውን ቡና የሚያገላብጡት ሴቶች ሻሻቸውን በውኃ እየነከሩ ይመልሱታል። ማቴዎስ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ይዟል። አረፋው ሲነሣ አየ፤ ከምሳ በኋላ ሲረግብም አየ። ሽታውም ተለወጠ። እጁ ኪሱ ውስጥ አላርፍ አለው። ከዚህ በፊት አንድ ነገር አውቆ ዝም ያለበት ቀን ብዙ ነው፤ ገንዳ አጠገብ ግን ዝም ብሎ አያውቅም።

ብሩህ በስልክ ሊነጋገር ግቢው ውስጥ ወዳለው የማንጎ ዛፍ ሥር ሄደ። ማቴዎስ እጅጌውን ሰበሰበና እጁን ሰደደ፤ ከሥር አወጣና አሸ። ተንኮሻኮሸ። ወደ ሁለተኛው ገንዳ ሄደ፤ እሱም ተንኮሻኮሸ።

ብሩህ ሲመለስ ማቴዎስ ከነእርጥብ ክንዱ ቆሞ ጠበቀው። «ደርሷል» አለ።

«ምኑ?»

«ቡናው። ሁለቱም። አሁን ካልታጠበ ይኮመጥጣል።»

ብሩህ ሰዓቱን አየ፤ ካርታውን አየ። ገንዳውን አላየም። «አሥር ሰዓት ነው። ገና ሃያ አንድ ሰዓቱ ነው። በካርታችን መሠረት ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚታጠበው።»

«ነገ ያልፍበታል።»

«አቶ ማቴዎስ፣» አለ ሲሞን ከኋላ መጥቶ፣ «ፈርመሃል እኮ።»

«ፈርሜያለሁ።»

«ታዲያ?»

መፈረሙ እውነት ነው። ለምን እንደ ፈረመ ቢናገር ሲሞንም ለምን እንደ ፈረመ መናገር ይኖርበታል፤ ይህን ደግሞ እንግዳው ፊት የሚያወጣው ማንም የለም።

ዘሀራ መጥረጊያዋን እንደ ያዘች ከአልጋዎቹ መጣች። «አንተ አሠልጣኝ፣» አለች፣ «ሙከራ ነው አላልክም?»

«ነው እንጂ።»

«ሙከራ በአንድ ይሆናል እንዴ? አንዱን ገንዳ እሱ ይጠበው፣ ሌላው ለካርታህ ይቆይ። ነገ አስተያይ።»

ብሩህ አሰበበት። ፊቱ ቀስ እያለ ፈካ። ሪፖርቱ ውስጥ የሚገባበትን ቦታ ያየ ይመስላል። «ማነጻጸሪያ!» አለ። «በጣም ግሩም ነው። አንደኛው ገንዳ ማነጻጸሪያ ይሁን።»

«ሁለተኛውም ደርሷል እኮ» አለ ማቴዎስ።

«እሱ የካርታው ነው።»

ማቴዎስ የአንደኛውን ገንዳ ውኃ ለቀቀ። ቡናው በቦዩ ወረደ፤ ሴቶቹ በእንጨት መቅዘፊያ እየገፉ አጠቡት፤ ነጭ ሆኖ፣ እየተንኮሻኮሸ፣ አልጋ ላይ ወጣ። ማቴዎስ ሥራው ሲያልቅ ሁለተኛውን ገንዳ ዞር ብሎ ሳያይ ወደ ቤቱ ሄደ።

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም ተሰበሰበ። ብሩህ የግድግዳውን ሰዓት እያየ እጁን አንሥቶ ቆየና ልክ ሲሞላ አወረደው። የሁለተኛው ገንዳ ውኃ ተለቀቀ። ከቡናው በፊት ሽታው መጣ፤ ቦዩ ዳር የቆሙት ሴቶች ሻሻቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡት።

«ምን ሞቶ ነው?» አለ ዐብዱልጀባር። «ይሄን አይሱዙ ላይ ልጭን ነው? ትራፊክ ፖሊስ ሬሳ ጭነሃል ይለኛል!»

ብሩህ ከአልጋው ላይ አንድ እፍኝ አነሣና አሸተተ። አንገቱን ወደ ኋላ መለሰ። ሲሞን ፊቱ አመድ መሰለ። ማቴዎስን ግን በውስጡ አንድ ነገር ቀለለው፤ እስኪያፍርበት ድረስ። ገንዳ ሙሉ ቡና ጠፍቶ ደስ ሊለው ምንም አልቀረውም ነበር። አሁን ያያሉ አለ በልቡ። አሁን ይመልሱኛል።

በመፈልፈያው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ብሩህ ካርታውን ከምሰሶው ነቅሎ ጭኑ ላይ ዘረጋው።

«እንኳን ደስ ያላችሁ» አለ።

ሁሉም አየው።

«ሥልጠና ማለት ይሄ ነው። ካርታ ሕያው ሰነድ ነው፣ ይታረማል። ትናንት ምን ተማርን? አንደኛው ገንዳ በስንት ሰዓቱ ታጠበ?»

«ሃያ አንድ» አለች ቲጂ ቅጹን አይታ።

«ቡናውስ?»

«ጥሩ ነው።»

«ስለዚህ ትክክለኛው ቁጥር ሠላሳ ስድስት አይደለም። ሃያ አንድ ነው!» እስክሪብቶውን አውጥቶ ሠላሳ ስድስቱን ሰረዘና ሃያ አንድ ጻፈ። «በሁለት ቀን ውስጥ አሥራ አምስት ሰዓት ቀነስን። እኔ በዚህ ሥራ ላይ እንዲህ ያለ መሻሻል አላየሁም። ተስማምተናል?»

የአራቱ የመጋዘንና የግዢ ሰዎች እጆች መጀመሪያ ተነሡ። የሲሞን ተነሣ፤ ሪፖርቱ ላይ የጠፋ ገንዳ ሳይሆን የተቀነሰ ሰዓት እንደሚጻፍ ገብቶታል። የቲጂ ተነሣ። ዐብዱልጀባር ወደ መኪናው እያየ አነሣ። ዘሀራ ማቴዎስን አየችው፤ ከዚያ መሬቱን አየች፤ እጇ ግማሽ ድረስ ወጣ። እንግዳው ከሰዓት በኋላ ይሳፈራል። አንድ እጅ ማውጣት ነው፣ ከዚያ ይሄዳል።

«አቶ ማቴዎስ?» አለ ብሩህ።

«አልተስማማሁም።»

በዚያ ማኅበር፣ በእንግዳ ፊት፣ ይህ ቃል ሲባል የሰማ የለም። ቲጂ እስክሪብቶዋን አነሣችና ምን እንደምትጽፍ ስላላወቀች መልሳ አስቀመጠችው።

«ቁጥሩ እኮ የእርስዎ ነው!» አለ ብሩህ፣ ከልቡ ተገርሞ። «ሃያ አንዱን ያገኙት እርስዎ ነዎት!»

«እሱ የትናንት ነው። ትናንት ሙቀት ነበር። ዝናብ ሲጥል፣ ሲበርድ፣ ይዘገያል፤ በሃያ አንድ አይደርስም።»

«ስንት ይሆናል?»

«አላውቅም።»

«አያውቁም?»

«እጄን ሳስገባ ነው የማውቀው።»

ብሩህ በሐዘኔታ ፈገግ አለ። «‹አላውቅም› የሚል ነገር ካርታ ላይ ማስቀመጥ አንችልም፣ አቶ ማቴዎስ።»

«ካርታው ላይ አታስቀምጠው። ገንዳው ጋ ተወኝ።»

«ማቴዎስ፣ በቃ ተቀመጥ» አለ ሲሞን። «ስምንት ለአንድ ነው። ሰውን አታሳፍር።»

ማቴዎስ ተቀምጦ ነበር፤ የቆመ ሆኖ የታየው ለሲሞን ብቻ ነው። ፊቱ እንደ እሳት ይነድዳል። ዞሮ ዘሀራን «አንቺስ?» አላት፤ እንዲህ ጮክ ብሎ ተናግሮ አያውቅም።

«እኔ ምን ላድርግ፣ ማቴ?» አለች። «ዛሬ ይሄዳል ብዬ ነው።»

«ማክሰኞም እንዲህ ብለን ነበር።»

ጭብጨባው ተጀመረ፤ ሰው መዳፉን ማሸት ጀመረ። ማቴዎስ ተነሥቶ ወደ ወንዙ ወረደና እጁን ታጠበ።

ብሩህ ከሰዓት በኋላ ወደ ጂማ ተሳፈረ፤ ሲሞንና ቲጂ መናኸሪያ ድረስ ሸኙት። ሰኞ ጠዋት ማቴዎስ ከተማ ባለው መጋዘን በር ላይ ሥራ ጀመረ። ማክሰኞ ዝናብ ጣለ፤ እስከ ሐሙስም አላባራም። ጣቢያው ላይ በገንዳዎቹ ሁሉ የነበረው ቡና ሃያ አንድ ሰዓት ሲሞላው ታጠበ።